ለሥልጠናው ብቻ ሳይሆን ለሠልጣኙም ይከፈል

ከኦክቶበር 2023 ወዲህ አብዛኞቹ የፍልስጤም ሠራተኞች ወደ እስራኤል እንዳይገቡ ሲደረግ የግንባታው ሥራ ተንገዳገደ። መንግሥትም ከህንድና ከሌሎች አገሮች ሠራተኛ አስመጣ። የኛ ልጆችስ? ከሠራዊት ተሰናብቶ ግንባታ ላይ ስድስት ወር የሠራ ወጣት የ«አቮዳ ሙዓዴፌት» ማበረታቻ ያገኛል። ጥሩ ነው፤ ግን ስድስት ወር ብሎክ መሸከም ሙያ አይሆንም። ክሬን ነጂ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወይም ሜናሄል አቮዳ ለመሆን መማር ያስፈልጋል። እስኪማር የቤት ኪራዩን ማን ይክፈል? የሥልጠና በጀት ከአስተማሪው ደመወዝ ሌላ የተማሪውን የወር መተዳደሪያም መያዝ አለበት።

አባቶቻችን፣ ስንቶቻችሁ ያለ ተዑዳ በሲሚንቶ አቧራ እንደደከማችሁ እናውቃለን። «ልጄ ግንባታ አይግባ» ብትሉ አይፈረድባችሁም። ልጁ በሙያ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ተመራጮች ለሰግድ ሰላምታ ሲመጡ ስለዚህ በጀት ጠይቁልን።