ኮሚሽኑን «ጥርስ የለሽ» ማለት ማምለጫ ነው

የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ስሙ በተነሳ ቁጥር «መግለጫ ከማውጣት በቀር ምን ሥልጣን አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም። አባባሉ ለተጎጂው የተቆረቆረ ይመስላል፤ በተግባር ግን መጠየቅ ያለበትን አካል ከተጠያቂነት ያድናል።

ለምሳሌ በመጋቢት 2013 በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን በጅሌ ጥሙጋና በአጎራባቹ አጣዬ ዙሪያ በተነሳው ግጭት ከ300 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የወቅቱ ዋና እንባ ጠባቂ እንዳለ ኃይሌ ተናግረው ነበር። በሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች። በጥር 2015 ደግሞ ሰንበቴ፣ ጀውሃና አጣዬ ዳግም ደም ፈሰሰባቸው። ኮሚሽኑ ሲቪሎች እንዲጠበቁ፣ አጥፊዎችም እንዲጠየቁ አሳስቧል። ማሳሰቢያው ሰሚ ባለማግኘቱ ያው አካባቢ፣ ያው ሕዝብ ተመልሶ ተጎዳ።

ኮሚሽኑን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 210/1992 በማሳሰብ ብቻ አያበቃም። የኮሚሽኑ ምክረ ሐሳብ ደርሶት በ3 ወር ውስጥ እርምጃ ያልወሰደ፣ ያልወሰደበትንም ምክንያት ያልገለጸ ሰው በወንጀል እንደሚቀጣ ደንግጓል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው አስፈጻሚ ነው። ክስ የመመሥረት ሥልጣን የዐቃቤ ሕግ ነው። ኮሚሽኑ ተጠሪ የሆነለት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ አስፈጻሚውን የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

«እንግዲያው ሥልጣኑ ይጨመርለት» የሚሉ አሉ። የኡጋንዳ ኮሚሽን እንደ ፍርድ ቤት ካሳ እስከ መወሰን የሚደርስ ሥልጣን አለው፤ ሆኖም የተወሰነው ካሳ ሳይከፈል ዓመታት ያልፋሉ። መንግሥት ለመፈጸም ካልተገደደ ሥልጣን በወረቀት ላይ ቢደረደር ለተጎጂው አይደርስለትም።

ኮሚሽኑም ድርሻውን ሊወጣ ይገባል። በልዩ ዞኑ ዋና ከተማ በከሚሴ የሚነገረውና አጣዬ ላይ የሚነገረው የግጭቱ ታሪክ አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሟች ይቆጥራል። ሁሉንም ሟች እኩል የሚቆጥር ገለልተኛ ምርመራ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ግኝቱ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ በሁለቱም ከተሞች ሕዝብ ፊት ይነበብ። 3 ወሩ ሲያበቃም የትኛው መሥሪያ ቤት እንደፈጸመ፣ የትኛው ዝም እንዳለ በስም ይገለጽ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው የእንደራሴዎቻችን ነው። በሚቀጥለው የኮሚሽኑ ሪፖርት ላይ እጃቸውን አውጥተው ይጠይቁ፦ ምክረ ሐሳቡን ማን አልፈጸመም? ለምንስ አልተከሰሰም?