ሃያሲውን እናከብራለን፤ ግን አልተስማማንም
ከፊልም ክበብ አባላት

በዚህ ዓመት በክበባችን ካየናቸው ፊልሞች ሁሉ አንዱ እስከ ዛሬ ያከራክረናል። ፊልሙ የተቀረጸው እዚሁ ጅቡቲ ውስጥ ነው። ርዕሱ «ቦ ትራቫይ» ሲሆን በአማርኛ «ጥሩ ሥራ» እንደ ማለት ነው። ክርክሩ የተነሳው ግን በፊልሙ ብቻ አይደለም። መምህራችን አንድ ታዋቂ አሜሪካዊ ሃያሲ ስለ ፊልሙ ምን እንደጻፉ ሲነግሩን ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን «እሳቸው ካሉማ ልክ ነው» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «እሳቸው ስለ ጅቡቲ ምን ያውቃሉ?» አልን። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ሁለቱም የስንፍና መልስ እንደሆኑ ገባን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ የደረስንበት ሐሳብ ነው።

ፊልሙን ላላያችሁት በአጭሩ እንንገራችሁ። ፈረንሳዊቷ ዳይሬክተር ክሌር ዴኒ እ.ኤ.አ. በ1999 የሠሩት ነው። ታሪኩ «ቢሊ በድ» ከተባለው የአሜሪካዊው ደራሲ የኸርማን ሜልቪል ድርሰት የተወሰደ ሲሆን፣ የሜልቪልን መርከበኞች ጅቡቲ በሰፈሩ የ«ሌዥዮን» ወታደሮች ተክተዋቸዋል። ጋሉፕ የሚባል የበታች አዛዥ ሳንቴን በሚባል ወጣት ወታደር ይቀናል። ሳንቴን ጎበዝ ነው፤ በሄሊኮፕተር አደጋ የሰው ሕይወት ያድናል፤ አለቃውም ጓደኞቹም ይወዱታል። ጋሉፕ ይህን መቻል ያቅተዋል። በመጨረሻ አንድ ሰበብ ፈልጎ፣ የተበላሸ ኮምፓስ አስይዞ በረሃ ላይ ብቻውን ጥሎት ይሄዳል። ሳንቴን መንገዱ ጠፍቶት ጨው ላይ ይወድቃል።

ሃያሲው ጄ. ሆበርማን ይባላሉ። «ቪሌጅ ቮይስ» በተባለው የኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለ ፊልም ጽፈዋል። ስለዚህ ፊልም የሰጡት አስተያየት በእኛ አባባል እንዲህ ነው፦ ምስሉ በእጅ የሚዳሰስ ያህል ነው፤ ካሜራው የሚቆምበት ቦታ በብልሃት የተመረጠ ነው፤ የምስሎቹ አቀጣጠልም ስሜትን ይይዛል፤ ከዚህ ሁሉ የተነሳ ከሌላ የተወሰደው ታሪክ ሊጋረድ ምንም አልቀረው። ይህን ያሉት ለማድነቅ ነው። ብቻቸውንም አይደሉም። ያው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሃያሲያንን አሰባስቦ ድምፅ ሲያሰጥ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ሆኖ የተመረጠው ይኸው ነው። የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት በ2022 ከ1,600 በላይ ሃያሲያንንና የፊልም ባለሙያዎችን ጠይቆ ባወጣው የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞች ዝርዝርም 7ኛ ሆኗል። እኛ እንግዲህ የምንከራከረው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው።

በመጀመሪያ ሆበርማን ልክ የሆኑበትን እንናገር። የካሜራ ባለሙያዋ አኜስ ጎዳር የቀረጹት ምስል በእውነት ያምራል። ወታደሮቹ በጠራራ ፀሐይ ድንጋይ ላይ ሲለማመዱ ልምምዱ ጭፈራ ይመስላል። ሸሚዛቸውን ሲተኩሱ እንኳ ዓይናችንን መንቀል አቃተን። በየቀኑ በሚኒባስ መስኮት እያየን የምናልፈው ባሕር እንዲህ ሰማያዊ መሆኑን ያወቅነው በመማሪያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ነው። ከመካከላችን አንዷ «እኔ እኮ አገሩ ሙቀትና አቧራ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለዚህ ፊልሙንም ሃያሲውንም እናመሰግናለን።

ያልተስማማነው «ታሪኩ ሊጋረድ ምንም አልቀረው» የሚለው ምስጋና እንዴት ሊሆን ይችላል በሚለው ላይ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ጨው የሚያበራ ነጭ ነገር ነው። ለዚህ አገር ሰው ግን ጨው ሥራ ነው። አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ የአፋር ነጋዴዎች ከዚያ ጨው በግመል ጭነው ወደ ኢትዮጵያ ሲያመላልሱ ዘመናት አልፈዋል። በፊልሙ ውስጥ ወድቆ የቀረውን ሳንቴንን አግኝተው የሚያነሱት፣ ውሃ አጠጥተው ነፍሱን የሚመልሱት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በዚያ ፊልም ከተሠራው ሁሉ እውነተኛው ጥሩ ሥራ ይህ ነው። የእነዚያን ሰዎች ስም ግን ማንም አይነግረንም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ «ሴትየዋ ማን ናት? ወዴት እየሄደች ነበር?» ብለን ጠየቅን። ታሪኩ ቢጋረድ ምንም አይደለም ያለ ሰው ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይነካናል። ጋሉፕ አንዲት ወዳጅ አለችው፤ ስሟ ራሔል ነው። የተጫወተችው ማርታ ታፈሰ ካሳ ትባላለች። ስሟን ስናነብ ሁላችንም ዞር ብለን ተያየን፤ የእኛው አገር ስም ነው። ራሔል ታምራለች፣ ትጨፍራለች፣ ትተኛለች፤ የምትናገረው ግን በጣም ጥቂት ነው። በዚህ ከተማ ሐበሻ ሴት ስትታይ ብዙ ሰው ምን እንደሚያስብ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ያውቃሉ። ሻይ አፍልተው፣ ልብስ አጥበው፣ ሰው ቤት ሠርተው የሚያሳድጉን እነሱ ናቸው፤ በመንገድ ላይ የሚጣልባቸው ዓይን ግን አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ራሔል በምሽት ጭፈራ ብቻ ስትታይ «መብራቱ እንዴት ያምራል!» ብለን ማለፍ አልቻልንም። ጠዋት ስትነሳ ምን ታደርጋለች? ለማን ገንዘብ ትልካለች? ይህ ለሩቁ ተመልካች ትርፍ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን የቤታችን ጥያቄ ነው።

መምህራችን እዚህ ላይ በደንብ ሞገቱን። «ልብ በሉ» አሉን፤ «ታሪኩን የሚያስታውሰው ጋሉፕ ነው። ከጦሩ ተባርሮ ማርሴይ ተቀምጦ ነው የሚጽፈው። ጅቡቲ እየኖረ የጅቡቲን ሰው አላየም፤ ፊልሙም የሚያሳያችሁ ይህንኑ አለማየቱን ነው። ወታደሮቹ ሲሠሩ የአገሩ ሰዎች ቆመው ሲመለከቱ አላያችሁም? እነዚህ እዚህ ምን ያደርጋሉ የሚሉ ይመስላሉ።» ዝም አልን። ፊልሙን እንደገና ስናየው እውነታቸውን ነበር። ዳይሬክተሯን ቸኩለን ወቅሰናቸው ነበር፤ ያንን ወቀሳ አንስተናል።

ከሃያሲው ጋር ያለን ልዩነት ግን በዚህ ምክንያት ይበልጥ ጠነከረ። የፊልሙ ቁም ነገር የጋሉፕ ዓይነ ስውርነት ከሆነ፣ እሱ ያለው በታሪኩ ውስጥ ነው። ታሪኩ ከተጋረደ ዓይነ ስውርነቱም አብሮ ይጋረዳል። ያን ጊዜ እኛም እንደ ጋሉፕ ሰውን ሳናይ መልክዓ ምድሩን ብቻ አይተን እንወጣለን። ቅኔ የተማሩ አያቶቻችን ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የተወ ሰው ቅኔውን ሰማ አይሉትም። ሆበርማን ሰሙን ከማንም በላይ አሳምረው አሳይተውናል። ወርቁን ግን እኛ ፍለጋ ሄድን።

ይህ ነገር ለምን እንደሚያሳስበን ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ከእኛ አስቀድመው ተናግረውታል። እሳቸው የ«ሳንኮፋ» እና የ«ጤዛ» ዳይሬክተር ናቸው፤ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ተሸልሟል። ጎንደር ውስጥ ልጅ ሳሉ የካውቦይ ፊልም አይተው ተራራው ላይ ሲጫወቱ አንዳቸውም ሕንዶቹን መሆን አይፈልጉም ነበር። የታርዛን ፊልም ሲያዩም አፍሪካውያኑ ከኋላው ሲመጡበት «መጡብህ!» ብለው የሚጮኹት ለታርዛን ነበር። ኃይሌና ጓደኞቻቸው ሞኞች አልነበሩም፤ የፊልሙ ዓይን የራሳቸው ዓይን መስሏቸው እንጂ። እኛም በባልባላ በስልካችን የምናየው የሕንዱ፣ የቱርኩ፣ የአሜሪካው ፊልም ብዙ ነው። አትዩ አይባልም፤ እኛም አንተውም። ግን «ይህን የሚያየው የማን ዓይን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሃያሲም ዓይን ነው፤ እሱንም መጠየቅ ይገባል።

አንዳንድ ወላጆች ይህን ሲያነቡ «ልጆቹ ደፈሩ፤ ታላቅ ሰው ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል» ይሉ ይሆናል። አዳምጠናል። የሆበርማንን ሐሳብ ደጋግመን አንብበናል፤ ፊልሙንም ሁለት ጊዜ አይተናል፤ ልክ የሆኑበትን መጀመሪያ ተናግረናል። ደግሞስ መሟገት የእኛው ወግ አይደለም? በ«በላ ልበልሃ» ዘመን ተራ ሰው ከባለ ርስት ጋር በዳኛ ፊት ቆሞ በአንደበቱ ይከራከር ነበር፤ ደንቡም የሌላውን ቃል ሰምቶ መመለስ ነው። በቁም ነገር ያልወሰዱት ሰው ጋር ማንም አይሟገትም። ሃያሲውን ዝም ብሎ መቀበልም ሆነ ዝም ብሎ መናቅ አለማንበብ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረናል። ባልባላ በ1960ዎቹ ፈረንሳዮች ከተማዋን በሽቦ ሲያጥሩ ከአጥሩ ውጭ የቀሩ ሰዎች የመሠረቱት ሰፈር ነው። ዛሬ አጥሩ የለም፤ በፊልም ውስጥ ግን ገና ከአጥሩ ውጭ ነን። ይህን ሃያሲ ሊያስተካክልልን አይችልም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ስለዚህ ክበባችን በሚቀጥለው ዓመት በስልክ ካሜራ አንድ አሥር ደቂቃ ፊልም ለመሥራት ወስኗል። በአንዲት እናት አንድ ቀን ላይ ያተኩራል፤ የሚጀምረውም ከጠዋቱ ነው። የውሃ ጀሪካኗ፣ ሚኒባሱ፣ የምትሠራበት ቤት፣ ማታ ላይ የልጇን ደብተር ስታገላብጥ። ምስሉ እንደ አኜስ ጎዳር አያምርም። ስሟ ግን ይጠራል፤ እሷም ትናገራለች።

ሲያልቅ ኑና እዩልን። ካልወደዳችሁት ደግሞ ለምን እንዳልወደዳችሁት ንገሩን፤ እንሟገታለን።