ምንጭ በጆንያ አይድንም

ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ከሰሜን ፍሎሪዳ ምንጮች በአንዱ ዳር፣ ጥቁር የጠላቂ ልብስ የለበሱ ስምንት ዘጠኝ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው የቢራ ጣሳ፣ ላስቲክ፣ ነጠላ ጫማና የተሰበረ የፀሐይ መነጽር የሞላባቸው ጆንያዎች ተቀምጠዋል። ረጅም የበዓል ዕረፍት ባለፈ ማግስት እንዲህ ያለ ፎቶ አይጠፋም። ያየው ሁሉ «ጎሽ፣ እጃችሁ ይባረክ» ይላል።

እኔም ብያለሁ። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ጆንያውን ተሸክመው ከውሃው ከወጡት አንዱ ነበርኩ። ሰዎቹን ዛሬም እጃቸው ይባረክ እላለሁ። የምቃወመው ፎቶውን ተከትሎ የሚመጣውን እምነት ነው፤ ምንጩ ይኸው ተጠበቀ፣ ችግሩም ይኸው ተፈታ የሚለውን። ይህ እምነት ምንጮቹን ከቆሻሻው ባልተናነሰ እየጎዳቸው ነው።

ቦታውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ፍሎሪዳ ከ1,000 በላይ ምንጮች አሏት። ዝናቡ በአሸዋው ይሰርግና እንደ ስፖንጅ የተበሳሳውን የኖራ ድንጋይ እያለፈ፣ በከርሰ ምድር ከርሞ፣ በአንድ ቀዳዳ ፈልቶ ይወጣል። ከ30 የሚበልጡት ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው በሰከንድ ከ2,800 ሊትር በላይ ያፈልቃሉ። ውሃው በጋ ከክረምት 22 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጥራቱን ደግሞ ያላየ ሰው አያምንም። አሥር ሜትር የወረደ ጠላቂ ሽቅብ ሲመለከት ዳር ላይ ያለውን ዛፍ ከነቅርንጫፉ ለይቶ ያያል። ለዚህ ሲሉ ከዓለም ዳርቻ ጠላቂዎች ይመጣሉ። ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ በዚያው ውሃ ላይ ሺዎች በጎማ ይንሳፈፋሉ። እኛም አትላንታ የምንኖር ሐበሾች አምስት ሰዓት ያህል ነድተን፣ ልጆቻችንን ጭነን እንሄዳለን።

አንድ ዓመት የጁላይ 4 በዓል ሰሞን ነበርኩ። ቦታው የግል ነው፣ ስሙ ይቅር። ጎማ የሚያከራየው ሱቅ ሳይከፈት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ መነጽሬንና ጆንያዬን ይዤ ገባሁ። የምንጩ ሣር ረጅም ሪባን የመሰለ ቅጠል አለው፤ ውሃው ወደሚሄድበት ተኝቶ ይርገበገባል። ከደረጃው እስከ ምንጩ ዓይን ድረስ ግን አንድም ሣር የለም፤ የተረገጠ ነጭ አሸዋ ብቻ። ከደረጃው በስተግራ ክንድ የማታሳልፍ የድንጋይ ስንጥቅ አለች። እጄን ሰድጄ ሦስት ጣሳ አወጣሁ። አራተኛው ተሰክቶ እንቢ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ከጣሳው አፍ አንዲት ትንሽ ዓሣ አፍንጫዋን ብቅ አድርጋለች። ቤት አድርጋዋለች። ብነቅለው ትጎዳለች፣ ብተወው ስንጥቋ እንደታፈነች ልትቀር ነው። ትንፋሼ አጥሮኝ ወጣሁ። ተመልሼ ስወርድ ዓሣዋ ሄዳለች፤ ጣሳውን ነቀልኩት። አሸዋው ሲነሳ ከሥሩ አረንጓዴ የጠርሙስ ስብርባሪ ብልጭ አለ። እሱን ከአሸዋው ጋር በእፍኝ ከመዛቅ በቀር መልቀሚያ የለውም፤ ጥቂት ዝቄ ተውኩት።

ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ወረዱ። አምስት ሰዓት ሲሆን ከሦስት ስፒከር ሦስት ዘፈን ይጮኻል፤ አንዱ ጎረምሳ ቢራውን እንደያዘ ከዛፍ ላይ ይዘላል፣ እታች ሕፃኗን ያቀፈች እናት ትጮኻለች፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። ማታ ልንሄድ ስንል መነጽሬን ለበስኩና ጠዋት የነበርኩበት ወረድኩ። በዚያችው ስንጥቅ አዲስ ጣሳ ተሰክቶ አገኘሁ።

ለቦታው ኃላፊ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እናንተ ፈቃደኞቹ ስላላችሁልን እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ገባኝ። እኔና ጆንያዬ የሒሳቡ አካል ሆነናል። የመግቢያውና የጎማ ኪራዩ ገቢ የቦታው ነው፤ ጽዳቱ የፈቃደኛው ነው። እኛ እስካለን ድረስ ጣሳው በሩን አልፎ እንዳይገባ የሚከለክል ሰው መቅጠር፣ የሰውን ቁጥር መቀነስ፣ መጠጡን ማስቀረት ለማንም አያስፈልግም። ጆንያው የቆሻሻውን ዋጋ ይከፍላል፤ ዋጋ የማያስከፍል ነገር ደግሞ አይቆምም።

ይህም ጆንያ የሚነካውን ያህል ብቻ ነው። ሣሩን ጆንያ አይመልሰውም። ኤሊዋ የምትግጠው፣ የዓሣ ጫጩት የሚሸሸግበት፣ አሸዋውን አቅፎ ውሃውን የሚያጠራው ያ ሣር ነው። የሚያጠፋው ደግሞ ባለጌ ሰው ብቻ አይደለም፤ ጨዋውም እግር አለው። ሺህ ጨዋ ሰው በአንድ ቀን ከረገጠው ሣሩ ይነቀላል። ስለዚህ «ሰውን እናስተምር፣ ማስታወቂያ እንስቀል» የሚለው መፍትሔ ግማሽ መንገድ እንኳ አይወስደንም። የተማረም ሰው ይረግጣል።

የሚሠራው ምን እንደሆነ ፍሎሪዳ ራሷ አሳይታናለች (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አንብቡልኝ)። ኢቸተክኒ የሚባለውን ምንጭና ከእሱ የሚነሳውን ወንዝ ግዛቱ በ1970 ገዝቶ ፓርክ አደረገው። ያኔ ወንዙ በጎማ ተሳፋሪ ተጨናንቆ ሣሩ እየተነቀለ ነበር። ፓርኩ ለቅሶ አልተቀመጠም፤ በስብከትም አልተወሰነም። በሰሜኑ መነሻ በቀን 750 ሰው ብቻ እንዲገባ ወሰነ፤ ቁጥሩ ሲሞላ በቃ። ምግብ፣ መጠጥ፣ ሲጋራና አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ዕቃ በሙሉ ወንዙ ላይ ተከለከለ። ኢቸተክኒ ላይ መነጽር ለብሶ የተንሳፈፈ ሰው ልዩነቱን ለማየት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልገውም፤ ሣሩ ሆዱን እየዳበሰው ያልፋል።

ብሉ ስፕሪንግ ደግሞ አለ። ማናቲ የሚባሉት ግዙፍ ገራም የውሃ እንስሳት ብርድ ሲመጣ ሞቅ ወዳለው ምንጭ ይሸሻሉ። ቦታው በ1972 ፓርክ ሲሆን የሚመጡት ጥቂት ብቻ ነበሩ። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ዋናም መጥለቅም ክልክል ሆነ። ጠላቂው ቅር ብሎት ሊሆን ይችላል፣ እኔም ቅር ይለኛል። ዛሬ ግን ብርድ በበረታበት ጠዋት በዚያ ምንጭ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ማናቲዎች ተኝተው ይታያሉ። ለዚህ ማንም ጆንያ አልተሸከመም፤ በር ተዘጋ እንጂ። በ2021 ደግሞ የግዛቱ ሕግ አውጪዎች በምንጮች ዙሪያ የጥበቃ ቀጠና የሚከለልበትን ሕግ አወጡ። ከዚያ በኋላ በዊኪ ዋቺ ወንዝ ላይ ጀልባ አስሮ አሸዋው ላይ መውረድ ቀረ። ሰው ቆሞ የሚጠጣባቸው የአሸዋ ክምሮችና ዳሩ በእግር እየተሸረሸሩ የዛፎቹ ሥር ተራቁቶ ነበር።

ጠላቂ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ጥፋተኛው ባለጎማው ነው ብለው። እኔ ግን ወደ ራሳቸው ታሪክ ልመልሳቸው። በነዚህ ምንጮች ሥር ባሉት ዋሻዎች በመቶ የሚቆጠሩ ጠላቂዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ጎበዝ ዋናተኞች ነበሩ፤ አስተማሪዎችም አሉበት። ሼክ ኤክስሊ የሚባለው ስመ ጥር ጠላቂ በ1979 ባወጣት ትንሽ መጽሐፍ አደጋዎቹን አንድ በአንድ መርምሮ ሕጉን ጻፈ፦ እስከ መውጫው የማይቋረጥ ገመድ ዘርጋ፣ ከአየርህ ሲሶውን ለመግቢያ፣ ሲሶውን ለመውጫ፣ ሲሶውን ለክፉ ቀን አድርግ። ከዚያ ወዲህ የዋሻ ፈቃድ የሌለው ሰው በብዙ ቦታ መብራት ይዞ መግባት አይችልም፤ መብራት የሌለው ወደ ጨለማው አይሄድምና። ጊኒ ስፕሪንግስ ውስጥ ደግሞ «ቦልሩም» የሚሉት ሰፊ ክፍል አለ። ከጀርባው ያለው የዋሻ አፍ በብረት ፍርግርግ ተዘግቷል። ውሃው ያልፋል፣ ሰው አያልፍም። እጄን በፍርግርጉ አሳልፌ የውሃውን ጉልበት ተሰምቶኛል፤ ክንድን ወደ ኋላ ይገፋል። ያ ብረት የገባው ምክር ስላልበቃ ነው። ጠላቂው ለራሱ ሕይወት ሲሆን ምክር እንደማይበቃ አምኖ ብረት ካስገባ፣ ለምንጩ ሕይወት ሲሆን በምክርና በጆንያ የሚረካው ለምንድን ነው?

ሁለት ሙግቶች ይመጡብኛል፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም።

አንደኛው «አንተ ጣሳ ስትቆጥር ምንጮቹን የሚገድላቸው ሌላ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። የእርሻና የግቢ ማዳበሪያ፣ የከብት እበትና የሽንት ቤት ጉድጓድ ናይትሬት እያሰረጉ ሣሩን በአልጌ ያለብሱታል። ለጤናማ ምንጭ የተቀመጠው ገደብ በሊትር 0.35 ሚሊግራም ነው፤ ስመ ጥሩው ሲልቨር ስፕሪንግስ ከዚያ በብዙ እጥፍ አልፏል። በፖልክ ካውንቲ የነበረው ኪሰንጀን፣ አገሬው በሙሉ ይዋኝበት የነበረ ምንጭ፣ በ1950 ጭራሽ ደረቀ፤ ያደረቀውም ጣሳ ሳይሆን ከከርሰ ምድር በፓምፕ የተሳበው ውሃ ነው። በ2016 ለ30 ምንጮች ልዩ ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ ወጣ፤ የፓምፑና የማዳበሪያው ነገር ግን ገና አልተያዘም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው «ስለዚህ ጣሳው ይቆይ» የሚለውን ነው። ሕመምተኛው ካንሰር አለበት ተብሎ ቁስሉ ሳይታጠብ አይተውም። ከዚያም በላይ፣ የውሃ ፈቃድ በሚሰጥበት ስብሰባ ላይ ተነስቶ «አይሆንም» የሚለው ማን ነው? ምንጩን የሚያውቀው ሰው ነው። ምንጩን እንደ መጠጥ ቤት ብቻ የሚያውቀው ትውልድ ሲደርቅበት ሌላ መጠጥ ቤት ይፈልጋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ እያሳሳቅን ውሃውን የወሰድነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ሙግት ያመኛል፣ ምክንያቱም የሚመለከተው እኔን የመሰለውን ሰው ነው። የሰው ቁጥር ሲወሰን ቀድሞ የሚመለሰው ማን ነው ይሉኛል። ቤቱ መዋኛ ያለው ሰው አይጎዳም። ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው፣ ያውም ሩቅ ነድቶ፣ ረፋዱ ላይ የሚደርሰው ስደተኛና ሠራተኛ ነው ከበር የሚመለሰው። እኔም በ«ሞልቷል» ማስታወቂያ ሦስት ልጆች ይዤ ተመልሻለሁ፤ ትንሿ እስከ አውራ ጎዳናው አልቅሳለች። መልሴ ግን ገደቡን መጣል አይደለም። ገደቡ በራስ ቁጥር ይሁን፣ በገንዘብ አይሁን። መግቢያውን አስወድዶ ሰው የሚቀንስ ቦታ ምንጩን ለባለጸጋ ሸጠው እንጂ አልጠበቀውም። አስቀድሞ ማስመዝገብ የሚቻልበትን መንገድ መክፈት፣ ከሩቅ ለሚመጣ ቦታ ማቆየት፣ መግቢያውን ጥቂት ዶላር ላይ መተው ይቻላል። እኩል የሚደርሰን የተረገጠ አሸዋ ከሆነ እኩልነቱ ምን ይረባናል?

መጠጡን በተመለከተ አላወላውልም። ምንጭ ላይ ቢራ አይግባ። ጣሳው፣ ጠርሙሱ፣ ጠቡ፣ ከዛፍ መዝለሉ፣ አብዛኛው አንድ ሥር አለው፤ ያን ሥር በበሩ ላይ መቁረጥ ይቻላል።

እኛ አበሾች ይህን ሐሳብ ከማንም ልንማረው አይገባም ነበር። ጫማ አውልቀን፣ ምግብ ሳንቀምስ ወደ ጸበል የምንወርድ ሕዝብ ነን። አገር ቤት ስሄድ ግን በጸበሉ ዳር የተጣለውን ሃይላንድ አያለሁ፤ ሰው አንዱን ለበረከት ቀድቶ ሲሄድ አቻው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ። እዚያም የጽዳት ዘመቻ አለ፣ እዚያም ፎቶ አለ።

ኢቸተክኒ የሄድን ጊዜ የባለቤቴ እናት አብረውን ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ወራቸው ነው። በፌስታል የጠቀለሉትን ድፎ ዳቦ በደረታቸው አቅፈው ወደ ውሃው ሲያመሩ የፓርኩ ሠራተኛዋ በትሕትና አስቆመቻቸው። ምን እንዳለች ተረጎምኩላቸው፤ ምግብም፣ ላስቲክም ወደ ወንዙ አይሄድም። ልጆቹ አጉረመረሙ። እኔም አንድ ዳቦ ምን ያደርጋል ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን ዳቦውን ወዲያው ለልጄ አቀበሉና «መኪና ውስጥ አስቀምጠው፤ ጸበል በባዶ ሆድ አይደል እንዴ?» አሉት። ነጠላቸውን አውልቀው አጣጥፈው በላዩ አኖሩለት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ከወንዙ ወጥተን፣ ፀጉራችን ሳይደርቅ፣ ዳቦውን በመኪናው ኮፈን ላይ ቆረስነው። ፀሐዩ ከምጣድ እንደወጣ አሙቆት ነበር።