ጀርባዬን ፈትጊልኝ



በዚህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ፊደልና ስለ ንባብ ነው። ዛሬ ግን ልንታጠብ ነው። ዳላስ ሮያል ሌን አካባቢ ባለው የኮሪያ ሰፈር «ኪንግ ስፓ»፣ ካሮልተን ደግሞ «ስፓ ካስል» የሚባሉ ትልልቅ መታጠቢያ ቤቶች አሉ። ኮሪያውያን ጂምጂልባንግ ይሉታል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንድትሄዱ የምንመክራችሁ ለአማርኛቸው ስንል ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ልጆቻችን ስለ መታጠብ የሚያውቁት አማርኛ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ «ታጠብ!»፣ «ቶሎ ውጪ!»፣ «ፀጉርሽን አድርቂ!»። ስለ ገላቸው ሲያወሩ ግን ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። ሙቀት ለሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ «ሙቅ ነው» ብለው ይጨርሳሉ። እዚያ ቤት ውስጥ ያ አንድ ቃል አይበቃም። አንዱ ገንዳ ለብ ያለ ነው፣ ሌላው ይፋጃል። ወለሉ ግሏል፣ ክፍሉ ወበቅ ነው፣ እንፋሎቱ ዓይን ይጋርዳል፣ ላብ ጠብ ጠብ ይላል፣ ጣት ይጨማደዳል። ገንዳዎቹ ጋ ስልክ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ስለሚቀር ከማውራት ሌላ የሚሠራ ነገር የለም!

አገባቡ እንዲህ ነው። በር ላይ ጫማ ይወለቃል፤ ቁልፍና አንድ ዓይነት ካናቴራና ቁምጣ ይሰጣችኋል። ከዚያ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቷ በሌላ በኩል። ገንዳዎቹ ጋ የሚገባው ራቁትን ነው፤ የዋና ልብስም አይፈቀድም። ገንዳ ከመግባት በፊት በሳሙና በደንብ መታጠብ ግዴታ ነው፤ ፎጣም ውሃው ውስጥ አይነከርም። ስትጨርሱ ካናቴራና ቁምጣውን ለብሳችሁ ወደ ጋራው አዳራሽ ትወጣላችሁ። የጨው ክፍል፣ የሸክላ አፈር ክፍል፣ የበረዶ ክፍል እያላችሁ ትዞራላችሁ። የተጠበሰ እንቁላልና ሺክሄ የሚባል ከሩዝ የተሠራ ጣፋጭ መጠጥ አለ፤ ቀዝቀዝ ብሎ ሲጠጣ ደስ ይላል።

«ራቁት» ስንል ብዙዎቻችሁ እንደደነገጣችሁ ይገባናል። መታጠብና መታጠን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው፣ እ.ኤ.አ. በ1886፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ነው። ሰሜን ያደጋችሁ ደግሞ ወይባን ታውቃላችሁ፤ ጉድጓድ ውስጥ በሚጨስ እንጨት ላይ ተከናንቦ መቀመጥ። ግን ፍል ውሃም ሲኬድ በር ተዘግቶ ነው፣ ወይባም ተሸፋፍኖ ነው። ከማያውቁት ሰው ፊት ልብስ ማውለቅ ለእኛ ነውር ነው፤ ለልጆቻችን ደግሞ፣ በተለይ ከአሥር ዓመት በላይ ለሆኑት፣ ሞት ነው። ስለዚህ አታስገድዷቸው። ልብስ ተለብሶ የሚገባበት አዳራሽ ብቻውን ይበቃል። ይልቅስ ከመሄዳችሁ በፊት «አልፈልግም»፣ «አትንካኝ»፣ «ፎጣዬን ስጡኝ» ማለትን አለማምዷቸው። እነዚህን በአማርኛ ረጋ ብሎ መናገር የሚችል ልጅ አያት ቤትም፣ ዘመድ ቤትም ይጠቅመዋል። የአክስቱን መሳም የማይፈልግ ልጅ ስንት ጊዜ ቃል አጥቶ ዝም ብሏል!

ሌላው የማያመልጥ ነገር ፍተጋው ነው። ተጨማሪ ከተከፈለ ሠራተኛዋ ሸካራ ጓንት አጥልቃ እድፉን ከላያችሁ ትገፈዋለች። እናቶቻችን ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው ይፈትጉን የነበረውን አስታውሱ፤ ያው ነው። ቃሉም ደስ የሚል ነው፤ ገብስ ሙቀጫ ውስጥ ገለባው እስኪለቅ ሲወቀጥ «ተፈተገ» ይባላል። ለልጆቻችሁ ይህንን ንገሯቸውና ሲስቁ እዩ። ጓንቱ በኮሪያ ሱፐርማርኬቶች በርካሽ ይሸጣል፤ መሄድ ያልቻለ ቤቱ ገዝቶ ይሞክረው። «ጀርባዬን ፈትጊልኝ»፣ «ቀስ በል፣ አመመኝ»፣ «ትንሽ ዝቅ፣ አዎ እዚያ ጋ» — በአንድ መታጠቢያ ቤት ይህን ያህል ዓረፍተ ነገር ይወጣል።

አባቶች፣ አንድ ነገር ለእናንተ። ክፍሉ ስለሚለያይ ወንድ ልጅ ከእናንተ ጋር ነው የሚገባው። ትምህርት ቤት ስታመጧቸው ከመኪና ሳትወርዱ የምትሄዱት፣ አሁን ሁለት ሰዓት ሙሉ ከልጃችሁ ጋር ትሆናላችሁ። ወሬ ከጠፋ በመንገድ ላይ ስለ ቃኘው ሻለቃ አጫውቱት፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የገቡት ወታደሮቻችን ታሪክ ከመኪና ጉዞው ይረዝማል።

ለእናቶች ደግሞ፦ ትንሽ ወንድ ልጅ ይዛችሁ ብቻችሁን ከሄዳችሁ፣ እስከ ስንት ዓመቱ ሴቶች ጋ እንደሚያስገቡት አስቀድማችሁ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። ሕፃናትን በጣም በጋለው ክፍል አታቆዩ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁና ደም ግፊት ያለባችሁ ሐኪም አማክሩ፣ ውሃም በየመሃሉ ጠጡ። ፎጣ እዚያ ይሰጣል፤ የፀጉር ማስያዣ ግን ከቤት ያዙ።