ለነፋስ ኃይል ጎተራ

የነፋስ ተርባይን ፈላጊ በሌለበት ሌሊት ያመነጨው ኃይል የት ይቀመጥ? አንዱ መልስ ተገላባጭ የሃይድሮጅን የነዳጅ ሴል ነው። ትርፍ ኤሌክትሪክ ሲኖር ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፍላል፤ ሲያጥር ያው መሣሪያ ሁለቱን መልሶ አዋህዶ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ሐሳቡ ያምራል፤ ሒሳቡ ግን ያስደነግጣል። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ተመልሶ የሚገኘው ከ20 እምብዛም አያልፍም። የሊቲየም ባትሪ ከአስሩ ስምንቱን ይመልሳል። ስለዚህ የቀኑን ፀሐይ ለማታ መብራት በሃይድሮጅን ማቆየት ብክነት ነው። ቦታው ለወራት ለሚቆይ ክምችት ነው፤ ክረምታቸው ረጅምና ጨለማ ለሆነ የሰሜን አውሮፓ አገሮች ለምሳሌ።

የእኛ ነገር ይለያል። ግድቦቻችን በክረምት ይሞላሉ፣ ነፋሱ ደግሞ በበጋ ይበረታል። የአዳማና የአሸጎዳ ተርባይኖች ሲሽከረከሩ ውኃው ከግድቡ ሳይወጣ ይቆያል፤ ይህ ራሱ ማከማቻ ነው፣ ያውም ዋጋው የተከፈለ። እናም ባለሀብት "አረንጓዴ ሃይድሮጅን" ብሎ በር ሲያንኳኳ መንግሥት አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ሃይድሮጅኑ ለኤሌክትሪክ ክምችት ነው ወይስ ለማዳበሪያ ጥሬ ዕቃነት? ለክምችት ከሆነ ገና ነው። ለማዳበሪያ ከሆነ ግን ቁጭ ብሎ መነጋገር ይገባል፤ የዩሪያ ማዳበሪያን በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ እየገዛን ነውና።