ወንበር የደረደረችው ተዋናይት

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት ተዋናይትና ስለ ወንበር ነው። ሁለቱ የሚገናኙ አይመስሉም፤ ቆይተው ግን ይገናኛሉ።

እኔ የምውለው ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ከአንድ የባንክ መስኮት ኋላ ነው። በዚህ መስኮት ስደትን የማውቀው በቁጥር ነው፤ የምስጢር ቁጥር፣ የላኪ ስም፣ የተቀባይ ስም፣ የገንዘብ መጠን። ልጇ ከዐረብ አገር የላከላትን ልትቀበል ከጽጽቃ በኩል በሌሊት ተነሥታ የመጣች እናት ብሩን ቆጥራ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥርና «እንግዲህ ደኅና ነው ማለት ነው» ብላ ትወጣለች። ስደተኛ ለእኛ የሚልክ ሰው ነው። ከመሄዱ በፊት ምን ይችል እንደ ነበረ፣ ምን ሊሆን ይመኝ እንደ ነበረ የሚጻፍበት መሥመር ደረሰኙ ላይ የለም።

የዓለምፀሐይ ወዳጆ ነገር የሚያብሰለስለኝም ስለዚሁ ነው።

ዓለምፀሐይን ያገሬ ሰው የሚያውቃት በብዙ በኩል ነው። ተዋናይት ናት፤ ገጣሚ ናት፤ ለበርካታ ድምፃውያን የዘፈን ግጥም የሰጠች ደራሲ ናት። በአዲስ አበባ መድረኮች ስም ካተረፈች በኋላ፣ የ1983ቱን የመንግሥት ለውጥ ተከትሎ አገሯን ለቃ አሜሪካ ገባች። መቼም ስደት ሁሉንም ያጎድላል፤ ተዋናይን ግን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ልብስ ሰፊ መቀሱን ይዞ ይሄዳል፤ የሒሳብ ሰው ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል፤ ቁጥር በሁሉም አገር ያው ቁጥር ነው። የተዋናይ መሣሪያ ግን ቋንቋውና ተመልካቹ ናቸው። ቋንቋውን ይዞ ቢሄድ እንኳ ተመልካቹን በሻንጣ አይከተውም።

ይህ ደግሞ በአገራችን ሴት ተዋናይ ላይ ሲደርስ ሕመሙ እጥፍ ነው። አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ ወደ መድረክ ብቅ እስካለች ድረስ የሴት ገጸ ባሕርይን የሚጫወቱት ወንዶች እንደ ነበሩ ልብ ይሏል። ከዚያም ወዲህ ቢሆን መድረክ ለሴት የተለቀቀ ርስት አልነበረም። በስንት ሐሜትና በስንት መከራ የተገኘውን መድረክ ጥሎ መሄድ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የሄደበት ብቻ ነው።

ታዲያ ዓለምፀሐይ ምን አደረገች? እ.ኤ.አ. በ2000 በዋሽንግተን ዲሲ ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን መሠረተች። ስሙ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። እቴጌ ጣይቱ ከአድዋው ጀግንነታቸው ሌላ በአዲስ አበባ እንግዳ ማረፊያ ሆቴል ያሠሩ፣ ሰው የሚሰባሰብበትን ቤት ዋጋ ያወቁ እመቤት ነበሩና። በዚህ ማዕከል ሥር ቴአትር ተሠራ፤ የግጥም ምሽት ተዘጋጀ፤ በቀን በልዩ ልዩ ሥራ የደከመው ስደተኛ ማታ ተሰብስቦ በቋንቋው ሳቀ፣ በቋንቋው አለቀሰ።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ የሚለውን ልንገራችሁ። «ባከነች» ይላል። «ስንት ገጸ ባሕርይ ልትጫወት የምትችል ሰው ዕድሜዋን አዳራሽ ስትከራይ፣ ማስታወቂያ ስትለጥፍ፣ ሰው ስትጠራ ጨረሰችው። ይህ የፕሮሞተር ሥራ ነው፤ የከያኒ ሥራ አይደለም።»

ወዳጄ ግማሹን እውነት ይዟል። በስደቱ ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ያልታዩት ትርኢቶች አይመለሱም። ከ2010 ዓ.ም. የፖለቲካ ለውጥ በኋላ ወደ አገሯ ስትመጣ የተቀበላት እልልታም ያለፈውን ዘመን አይተካም። ይህን ኪሳራ «ለበጎ ነው» ብሎ መሸፈን ግፍ ይመስለኛል። ነገር ግን ወዳጄ የሚስተው ሌላ ግማሽ አለ። ለሌላው መድረክ መሥራት ከኪነት በታች የሆነ የጉልበት ሥራ አይደለም። ያለ እርሱ ኪነት የሚባለው ነገር ሰው ጆሮ አይደርስም።

የሙዚቃችን ታሪክ ምስክር ነው። አምሃ እሸቴ ዘፋኝ አልነበረም። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ የዓለማየሁ እሸቴንና የሌሎችንም ድምፅ አሳተመ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንኮራበት ሙዚቃ ብዙው የደረሰን እርሱ ስለ ደፈረ ነው። ከአብዮቱ በኋላ እርሱም ተሰደደ፤ ዋሽንግተን ላይ የኢትዮጵያ ምግብ ቤትና የሙዚቃ ክበብ ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሊያስ ባንድ ወደ አሜሪካ እንዲሄድ ያደረገውም እርሱ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፍ ከዘፋኞቹ ይልቅ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር።

ከዋሊያስ ጋር ሄዶ እዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ለዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ኪቦርዱን ከታክሲው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው ካሴት እዚሁ በክልላችን፣ ባሕር ዳር ላይ፣ በአንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ታተመ፤ ኃይሉም በዓለም መድረኮች ዞሮ ተጫወተ። ጣቶቹ ያው የቀድሞዎቹ ናቸው። የተጨመረው ነገር «ይህን ስሙልኝ» የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ዋግ ድምፅ አላጣም። በኽምጣና የሚዜመው፣ በአማርኛ የሚገጠመው፣ በሠርግና በለቅሶ የሚወርደው ቃል ሞልቷል። በጦርነቱ ሳቢያ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው ወለህ መጠለያ የከረሙት ወገኖቻችን ስንት እንጉርጉሮ ይዘው እንደ መጡ የመዘገበ የለም። የተመዘገበው የሰው ብዛትና የእህሉ ኩንታል ነው። በ1977ቱ ረኃብ ከዚህ ምድር የተነሡትም እንዲሁ ሄደዋል። እኛ ስደትን መቁጠር እናውቃለን፤ ማዳመጥ ግን አልለመድንም።

ይህን የምለው ሌላውን ልወቅስ ብዬ አይደለም። ጥፋቱ እኔንም ይመለከታል። ጥቂት ገጣምያን ሆነን አንድ ምሽት አዘጋጅተን ነበር። ወንበር ከሻይ ቤት ተዋስን፤ መብራት ጠፋ፤ ሻማ አበራን፤ የመጣው ሰው ሃያ አይሞላም። በመካከል አንድ ያልጋበዝናቸው አዛውንት ከኋላ ተነሥተው «እኔም አንዲት አለችኝ» አሉና በኽምጣና ረጅም ግጥም አወረዱ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ዕንባዋን ትጠርጋለች። አዛውንቱ ጨርሰው ተቀመጡ፤ ቀጥሎም ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ስማቸውን የጠየቀ፣ ቃላቸውን የጻፈ ከመካከላችን አልነበረም። እስክሪብቶ በኪሴ ነበር። እኔ ግን ተራዬን እየጠበቅሁ የራሴን ግጥም በልቤ እደግም ነበር።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ነው ዓለምፀሐይን በሌላ ዓይን ማየት የጀመርሁት። ራሷ ልትታይ የምትችል ሰው ሌላውን ለማሳየት ስትቆም የምትከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ የገባኝ፣ እኔ ለአንድ ሰዓት እንኳ ያን ዋጋ መክፈል ባቃተኝ ጊዜ ነው። ይህችን ስንኝ የቋጠርሁትም ያኔ ነው፦

ድምፁ ቢያምር እንኳ፣ የቆላ የደጋው፣
ማን ይሰማው ነበር፣ ሰው ሰብሳቢ ካጣው?
አንዲት ሴት በስደት፣ ወንበር ደረደረች፣
የተበተነውን፣ ድምፅ አስተሳሰረች።

ስለዚህ አስተያየቴ አጭር ነው። የስደተኛ ከያንያንን ታሪክ ስንጽፍ «በአገሩ ሳለ» በሚለው ምዕራፍ አንዝጋው። ሁለተኛው ምዕራፍ፣ አዳራሽ የተከራዩበት፣ ሰው የጠሩበት፣ የሌላውን ስም ያስተዋወቁበት ምዕራፍ፣ ከመጀመሪያው እኩል ይጻፍ። በየከተማችንም፣ ከእንዲህ ያለው ሥራ ገጣሚነታችን ይቀንስብናል ብለን የምንፈራ ሰዎች ፍርሃታችንን እንተው።

እኔ በበኩሌ በሚቀጥለው ምሽት ግጥም አላነብም። ወንበሮቹን ቀድሜ ሄጄ እደረድራለሁ፤ ከኋላ፣ በበሩ አጠገብ፣ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። አዛውንቱ ቢመለሱ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስማቸውን ነው።

ቸር ይግጠመን።