የጉዞውን ልክ የሚያወጣው የአያት ጉልበት ነው

ቤተሰብ ለጥቂት ቀናት ሽርሽር ሲያቅድ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «የት የት እንሂድ?» የሚለው ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት «ከመካከላችን ቶሎ የሚደክመው ማነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት እላለሁ። የዚህ ጥያቄ መልስ ከታወቀ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነዳ፣ ስንት ቦታ እንደሚታደር፣ ምሳ በስንት ሰዓት እንደሚበላ ሁሉም መልክ ይይዛል። ዛሬ ይህን የማጫውታችሁ እኛ ለመጪው ጥቅምት እያዘጋጀነው ያለውን የፖርቱጋል ጉዞ ምሳሌ አድርጌ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ጀርመን አገር ትኖራለች። እኔና ባለቤቴ ልንጠይቃት ስንሄድ ልጆቿ የጥቅምት የትምህርት ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ፣ «አምስት ቀን ፖርቱጋል ሄደን መኪና ተከራይተን እንዝናና» አለች። የላከችልኝ የመጀመሪያ ዕቅድ ሊስቦንን፣ ፖርቶንና በስተደቡብ ያለውን የአልጋርቭ ባሕር ዳርቻ የሚያዳርስ ነበር። ርቀቱን ደማምሬ ሳየው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ባለቤቴ 74 ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሳይወርድ ከተቀመጠ ሲነሳ የሰው እጅ ይፈልጋል። ትንሿ የልጅ ልጃችን ደግሞ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በየሰዓቱ «ሽንት ቤት!» ማለቷ አይቀርም።

«እማዬ፣ ስንት ዓመት ቆይተን ነው የምንገናኘው፤ ሁሉንም እንያችሁ እንጂ» አለችኝ ልጄ። ሐሳቧ ይገባኛል። የናፈቀ ሰው ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ መስጠት ይፈልጋል። ባለቤቴ ግን ስልኩን ተቀብሎ፣ «ልጄ፣ ይኼ ምናልባት የመጨረሻው ረጅም ጉዞዬ ነው። ድልድይና ሕንጻ ከምቆጥር ከልጆቹ ጋር ባወራበት ይሻለኛል» አላት። ከዚያ በኋላ ዕቅዱን እንደ አዲስ ጀመርነው።

አዲሱ ዕቅድ አንድ አካባቢ ብቻ ይዟል፤ ከሊስቦን በስተደቡብና በስተምሥራቅ የተዘረጋውን አለንቴዡ የሚባለውን የገጠር ክፍል። ሜዳማ ነው፤ ስንዴ፣ ወይራና የቡሽ ዛፍ የሚበቅልበት ነው፤ ምዕራባዊው ጫፉ ደግሞ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያርፋል። ማደሪያችን ሁለት ብቻ ነው፦ ሁለት ሌሊት ኤቮራ ከተማ፣ ሁለት ሌሊት ቪላ ኖቫ ደ ሚልፎንተሽ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ። በአምስቱ ቀን የምንነዳው በጠቅላላ ከ600 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ወሩም ተስማሚ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የአለንቴዡ መሀል አገር ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ፤ ለአዛውንትም ለሕፃንም አይሆንም። በጥቅምት ይበርዳል፤ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ግን ሹራብና የዝናብ ልብስ አይረሳም።

የመጀመሪያው ቀን ሐሙስ ነው። ሊስቦን መሀል አንገባም። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ስለሆነች ከአውሮፕላን ወርዶ፣ መኪናውን ገና ሳይለምዱት እዚያ መግባት ለሾፌሩ ፈተና ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው መኪናውን ተቀብለን ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የቫስኮ ዳ ጋማ ድልድይ ተሻግረን በቀጥታ ወደ ኤቮራ እንሄዳለን። ርቀቱ 135 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። መሀል ላይ አንዴ ወርደን ቡና እንጠጣለን።

ኤቮራ በቅጥር የተከበበች ጥንታዊ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። መሀሏ ላይ የሮማውያን ቤተ መቅደስ ዓምዶች ቆመዋል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የውሃ ማስተላለፊያ ቅስቶች ሥር ደግሞ ሰዎች ቤትና ሱቅ ሠርተው ይኖሩበታል። ልጆቹ ይህን እንደሚወዱት አልጠራጠርም። ግድግዳውና ዓምዱ በሰው አጥንት የተሸፈነ አንድ የጸሎት ቤትም አለ። ይህን እኔና ልጄ ገብተን እናየዋለን፤ ትንሿ ግን ከአባቷ ጋር ውጪ አይስክሬም ትበላለች። ሌሊት የሚያስቃዣትን ነገር ገንዘብ ከፍሎ ማሳየት ምን ይባላል?

የከተማዋ መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ መንገዱም ጠባብ ነው። ስለዚህ መኪናው ከቅጥሩ ውጪ ይቆማል፤ ማደሪያችንም ከቅጥሩ በር ብዙ ያልራቀ ይሆናል። ማደሪያ ስትይዙ ከዋጋው ቀጥሎ መጠየቅ ያለባችሁ «ከመንገድ እስከ አልጋ ስንት ደረጃ አለ? ሊፍት አለው ወይ?» የሚለውን ነው። በአሮጌ ከተሞች ያሉ ቆንጆ ቤቶች ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም።

ዓርብ ጠዋት ከኤቮራ ወደ ምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥተን አልመንድረሽ የተባለውን የትክል ድንጋይ ሥፍራ እናያለን። በቡሽ ዛፎች መካከል 95 ያህል ድንጋዮች ቆመዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ከተተከሉ 7,000 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ጢያን ያየ ሰው ሲደርስ «ይህንንስ አውቀዋለሁ» ማለቱ አይቀርም፤ ምንም እንኳ የጢያዎቹ በዕድሜ በጣም ያነሱ፣ ቅርጻቸውም የተለየ ቢሆን። ዘጠኝ ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ ጢያን አላየም። አያቱ ስልኩ ላይ የጢያን ፎቶ ጭኖ ይዟል፤ እዚያው ቆመው ሊያነጻጽሩ ነው። መንገዱ መጨረሻው ላይ ኮረኮንች ቢሆንም ከመኪና ወርዶ የሚኬደው ጥቂት ነው። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ነው።

ዓርብ ስለሆነ የጾም ምግብ ነገር አለ። የአለንቴዡ ሰው አሶርዳ የሚለው ምግብ አለው፤ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል ቅጠልና የወይራ ዘይት በሙቅ ውሃ የሚዘጋጅ ነው። እንቁላል ይጨመርበታል፤ ስለዚህ «ሴም ኦቮ» ማለት፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። ውሃው ባካልያው የሚባለው ደረቅ ዓሣ የተቀቀለበት ሊሆን ስለሚችል ያንንም መጠየቅ ነው። ሌላም ልብ በሉ፦ ሳታዝዙ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዳቦ፣ ወይራና አይብ ነጻ አይደለም። ካልነካችሁት አትከፍሉም፤ ካልፈለጋችሁም «ይነሳልን» ማለት ነውር የለውም። የምሳ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ወጥ ቤት ይዘጋና እራት የሚጀመረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ለልጆቹም፣ መድኃኒት ከምግብ ጋር ለሚወስደው ባለቤቴም መክሰስ በቦርሳዬ አይጠፋም።

ቅዳሜ ወደ ባሕሩ እንወርዳለን። ይህ ቀን ለእኔ የጉዞው ልብ ነው። መንገዱ ግራና ቀኙ የቡሽ ዛፍ ነው። ቅርፊታቸው ከተላጠው ዛፎች ግንድ ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቁጥር ተጽፎ ይታያል፤ የተላጠበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው። 4 ከተጻፈ እ.ኤ.አ. 2024 ማለት ነው። ዛፉ እንደገና የሚላጠው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ለልጆቹ ጨዋታ አዘጋጅቻለሁ፦ ቁጥሩን ያየ ቀጣዩ መላጫ መቼ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ እሱ ራሱ ስንት ዓመት እንደሚሆነው ያሰላል፤ በአማርኛ ከቆጠረ ነጥቡ እጥፍ ነው። የቡሽ ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚላጠው 25 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ለጠርሙስ የሚሆነው ጥሩው ቡሽ የሚገኘው ደግሞ በሦስተኛው መላጫ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። የሚተክለው ሰው ለልጅ ልጁ ነው የሚተክለው። ይህን ግን ለልጆቹ አያታቸው ይንገራቸው ብዬ ትቼለታለሁ።

መንገዳችን ላይ ሲነሽ የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ ቫስኮ ዳ ጋማ የተወለደባት ናት። ሐውልቱ ወደ ባሕሩ እያየ ቆሟል። እሱን የምናየው ስለ ልጁ ስለ ክርስቶፎር ዳ ጋማ ለማውራት ነው። ክርስቶፎር እ.ኤ.አ. በ1541 400 ወታደሮች ይዞ ምጽዋ ወርዶ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ወገን ከአዳል ጦር ጋር ተዋግቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ተማርኮ አገራችን ላይ የተገደለ ሰው ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ የእኛ ሰው ጸጋ ዘአብ የአፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1527 ሊስቦን ደርሶ በዚያ ለዓመታት ቆይቷል፤ ስለ ኢትዮጵያውያን እምነት የጻፈውም በ1540 በላቲን ታትሟል። ጀርመን ተወልዶ ያደገ ልጅ ቅድመ አያቶቹ ከአውሮፓ ጋር የሚያውቃቸው ታሪክ በስደት እንዳልጀመረ ቢሰማ ደስ ይለኛል።

ሚልፎንተሽ ሚራ የተባለው ወንዝ ከውቅያኖሱ የሚገናኝበት ቦታ ናት። የመረጥናትም ለዚህ ነው። የአትላንቲክ ውሃ በበጋ እንኳ ቀዝቃዛ፣ ማዕበሉም ኃይለኛ ነው፤ በጥቅምት ደግሞ የዋና ወቅት አልፎ ነፍስ አድን ጠባቂዎች ከዳርቻው ይነሳሉ። በወንዙ በኩል ያለው አሸዋ ግን ከማዕበሉ የተከለለ ነው። ልጆቹ እዚያ አሸዋ ይቆፍራሉ፤ አዋቂ አብሮ ሳይኖር ውሃ የሚባል ነገር የለም። እሑድን ሆን ብለን ባዶ ትተነዋል። ብርታት ካለ ወደ ደቡብ ወርደን ካቦ ሳርዳዎ የተባለውን ገደል እናያለን፤ ሽመላዎች ባሕር ውስጥ በቆሙ አለቶች ላይ ጎጆ የሚሠሩበት ነው። በጥቅምት ጎጆው ባዶ ሊሆን ይችላል። ገደሉ ጫፍ ላይ የልጅ እጅ አይለቀቅም። ብርታት ከሌለ ወንበር አውጥቶ ባሕሩን ማየት በቂ ነው። ሰኞ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ መንገድ ነድተን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እንመለሳለን።

ስለ መኪናው ጥቂት ልበል። ስድስት ሰው ስለሆንን ሰባት መቀመጫ ያለው ይዘናል። አምስት ብትሆኑም አስቡበት፤ በሁለት የልጅ መቀመጫዎች መካከል አያትን አጣብቆ ማስቀመጥ ቅጣት ነው። በፖርቱጋል ሕግ ከ12 ዓመት በታች ሆኖ ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ በልጅ መቀመጫ መሄድ አለበት፤ መቀመጫውን መኪናው ሲያዝ አብሮ ማዘዝ ይሻላል። ማርሹ አውቶማቲክ እንዲሆን የፈለገ አስቀድሞ ይናገር። ፈጣን መንገዶቹ ክፍያ አላቸው፤ በሩ ላይ ሳይቆሙ የሚያሳልፈውን ቪያ ቨርደ የተባለውን መሣሪያ አከራዩን መጠየቅ ነው። የሚነዱት ልጄና ባሏ ናቸው፤ የሁለቱም ስም ውሉ ላይ መግባት አለበት። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ለመንዳት ያሰበ ግን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አከራዩን በጽሑፍ ይጠይቅ።

ቪዛን በተመለከተ፣ የሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው ብዙ ቀን ከሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው። የእኛ ብዙው ቀን ጀርመን ስለሆነ ከዚያው እንጠይቃለን፤ ፖርቱጋል ለመግባት ሌላ አያስፈልግም። የጉዞ የጤና ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ለመጨረሻ ሳምንት አታቆዩት። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው።

ፖርቱጋል የማትሄዱም ብትሆኑ፣ ለሐዋሳም ይሁን ለባሕር ዳር ጉዞ ይኸው ሒሳብ ይሠራል፦ ማደሪያ አሳንሱ፣ በቀን ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አትንዱ፣ አንድ ቀን ባዶ ተዉ። ያ ባዶ ቀን ሲመጣም «ምን እናድርግ?» ብላችሁ አትጨነቁ። ልጆቹን አያታቸው አጠገብ አስቀምጡና እናንተ ትንሽ ራቅ በሉ።

መልካም የዕረፍት ቀን።